አራት ሳንቲም

ከለገዳዲ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሰፈራችን አለች፣ ከጭቃ ተጣብቃ።
በአናታችን ላይ ከፍተኛው መስመር ያልፋል፣
በብረት እግሩ ቆሞ፣ እያንጎራጎረ፣ ወደ ከተማ ይጎርፋል።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዜማውን ብንሰማው፣
አንዲት ክር ብርሃን እንኳ አልጣለም ለታችኛው።
ጠባዩ አንድ ነበር ከባለጸጋ ዘመድ፣
አቧራ አልብሶን ከሚያልፍ በመንገድ።

ታዲያ ተሰበሰብን፣ ሰማንያ ስድስት አባል፤
አንዱ በሬ ሸጧል፣ አንዷ ዕቁቧ ደርሷታል።
ምሰሶውን ከባሕር ዛፍ ራሳችን ቆረጥን፣
ጉድጓዱን ራሳችን፣ ድንጋዩን አወጣን፣
ትራንስፎርመሩን ግን በብድር አመጣን፤
«የመብራት ኅብረት ሥራ ማኅበር» ብለን ማኅተም አስቀረጽን።

እኔ ጸሐፊው ነኝ። መዝገቡ በእጄ ነው።
ቆጣሪ የማነበው፣ ደረሰኝ የምጽፈው፣
የዘገየ ከፋይ በር የማንኳኳው፤
ውሻው የለመደኝ፣ የሸሸኝ ጌታው።

ባለፈው ሰኔ ወር፣ በእህል መጋዘን ውስጥ፣
ጠቅላላ ጉባኤ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
አነበብኩኝ ሒሳቡን፦ ብድሩ ተከፍሎ፣
አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር ተርፎ፣ አድሯል ባንክ ውሎ።
ለእያንዳንዱ ሲካፈል፣ መቶ ሠላሳ አንድ ብር
ከሰማንያ ስድስት ሳንቲም ጋር፤
አራት ሳንቲም ቀሪ ነበር።

ከበሩ ሥር ቆማ የኩምሳ ልጅ ሌንሳ፣
«አባሉ አባቴ ነው፤ ግን ትንሽ ብናገርሳ?
አሥራ ስምንት ነን፤ ዘንድሮ ማትሪክ እንፈተናለን፣
እቤት አንድ አምፖል ነው፣ ሰባት ሆነን እንሻማለን፤
ይኼን መጋዘን ማታ ማታ ብትከፍቱልን፣
ሁለት አምፖል፣ ረዥም ጠረጴዛ ብትጨምሩልን።
በቀረው ብር ኦብሳን ላኩት፣ ምሰሶ መውጣት ይማር፤
ሽቦ በተበጠሰ ቁጥር ከከተማ ጠጋኝ አንጠብቅ ሙሉ ወር።»

ዝም ተባለ። ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
ጋሽ ሸዋንግዛው ተነሡ፣ ድምፃቸው ሻከረ፦
«እኔ በሬ ሸጫለሁ። ድርሻዬን ስጡኝ።
በኩራዝም አልተማርኩ፤ ሳልማርም አልሞትኩኝ።
ተምሮ ወደ ከተማ ሄዶ ቢቀር ኦብሳ፣
ማን ይከፍለኛል የበሬዬን ካሳ?»

የተሳሳቱ አልነበሩም። ከተማው ወስዶብናል ብዙ፤
ስንት ልጅ አስተማርን፣ እንደ መስመሩ በላያችን አልፈው፣ ወደዚያው ተጓዙ።

እጅ ተቆጠረ፤ አርባ አራት ለአርባ ሁለት።
እኔ ነኝ የቆጠርኩት፤ ጣቴም ተንቀጥቅጦ ይሆናል ምናልባት።
በሁለት እጅ ብልጫ ነው የበራው ያ መብራት።

አሁን ጥቅምት ነው። መጋዘኑ ማታ ማታ ያበራል፤
አምፖሉ ሥር የጤፍ ብናኝ ይዞራል፤
አሥራ ስምንት አንገት ደብተር ላይ ያጎነብሳል፤
አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ ፊዚክስ ይረግማል።
ጋሽ ሸዋንግዛውም ይመጣሉ፣ ዱላቸው በእጃቸው፤
«ሰው በሌለበት እንዳይበራ!» ይህ ነው ሰላምታቸው።
ከኋላ፣ ግንድ ላይ ተቀምጠው ቆጣሪውን ያያሉ፣
«ይኼ የሚሮጠው ቁጥር የማን ገንዘብ ነው?» ይላሉ።

አንድ ማታ ሌንሳን ጠሩ። ደረሰኞች አወጡ፣
የኔ ጽሕፈት፣ በአራት የታጠፉ፣ ላብ የጠጡ።
«ይቺ ምን ትላለች?» አሉ። ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳረፈች፣
«ሸ»... «ዋ»... እያለች ስማቸውን አስነበበች።
እኔ ለዓመታት በራቸውን ሳንኳኳ፣ ስጽፍ፣ ስከራከር፣
ማንበብ እንደሚያምራቸው አላወቅኩም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ አንዱ አምፖል ተቃጠለ፤
በማግስቱ አዲስ አምፖል እዚያው ተንጠለጠለ።
ከሱቅ ጠየቅኩ፤ ገዢው ማን እንደሆነ ነገሩኝ።
መዝገቤን ይዤ ብሄድ፣ ገና ከሩቅ አዩኝ፦
«ስሜን እንዳትጽፍ! ተቃውሜያለሁ እኔ።
አምፖሉ ሌላ፣ ድምፄ ሌላ፤ ይኼን ለይ ወገኔ።»

ከዚያች አራት ሳንቲም ሥር፣ ማንም ካልጠየቃት፣
«አምፖል፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ፤ የስሙን ቦታ ባዶ ተውኳት።

ኦብሳ ገና ኮሌጅ ነው። ይመለስ፣ አይመለስ፣ አናውቅም።
ትልቁ መስመር ያልፋል፤ እንደ ድሮው ማንንም አይጠይቅም።
እኛም ማታ ስንወጣ ቀና ብለን አናየውም።